ሞተሩን ከመክሰሳችሁ በፊት

ጤና ይስጥልኝ፣ ከጅማ ነው። ጅማ ሀዲድ አልደረሰባትም፤ ጠረጴዛ ላይ ግን ባቡር ለመንዳት ማንም አይከለክልም። ዛሬ የማወራው በእንፋሎት ባቡር መልክ ስለተሠራች፣ በ12 ቮልት ስለምትሄድ የ1፡87 ሞዴል (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰች) ነው። ስትንገጫገጭ ሰው ቶሎ ካቻቪቴ ያነሳና ሞተሩን ይፈታል። ሞተሩ ግን ብዙ ጊዜ የለበትም።

መጀመሪያ እጅን ሰብስቦ ማየት ነው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከቆመች ጥፋቱ የሀዲዱ ነው። የትም እየቆመች በጣት ነካ ሲያደርጓት የምትቀጥል ከሆነ ኤሌክትሪክ እየተቋረጠባት ነው። ጎማዋ በዞረ ቁጥር አንዴ የምታነክስ ከሆነ ግን ጎማዋን በአልኮል መጥረግ አያድናትም።

ጎማ ስል የብረቱን ነው። በበጋ አቧራው ከዘይት ጋር ይቦካና ዙሪያውን ጥቁር ቅርፊት ይሠራል። ጥጥ አልኮል ነክሮ መጥረግ ነው። የፋርማሲው 70 በመቶ ከሆነ ቀሪው ውሃ ስለሆነ እስኪደርቅ ታገሡ። ብርጭቆ ወረቀት አታስነኩት፣ ጭረቱ ቆሻሻ ይይዛል። ከዚያ ጎማውን ከኋላ የሚነኩትን ቀጫጭን የነሐስ ልሳኖች እዩ፤ ከራቁ በወረንጦ ቀስ ብሎ መመለስ ነው። ብዙ ሞዴሎች ላይ ሎኮሞቲቩ ከአንዱ ሀዲድ፣ የከሰል ጋሪው ከሌላው ኤሌክትሪክ ይወስዳሉ። ሁለቱን የሚያገናኘው መጎተቻ ከቆሸሸ ሌላው ሁሉ ቢያበራም ትቆማለች።

የሚያነክሰው ነገር ይበልጥ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሞተሩን ኃይሉን ወደ ጎማ ከሚያስተላልፈው ጥርስ (ጊር) አላቁና ሻሲውን መስታወት ላይ ግፉት። ከያዘ፣ ጎማዎቹን ከውጭ በኩል የሚያያይዙትን የጎን ዘንጎች ፍቱና ድገሙት። አሁን በነጻ ከተንከባለለ ችግሩ ዘንጎቹ ወይም የጎማዎቹ አቀማመጥ ነው። የግራና የቀኙ ጎማ የዘንግ መያዣዎች በ90 ዲግሪ ይለያያሉ፤ ይሁንና ወሳኙ ሁሉም አክስ (የግራና የቀኙን ጎማ የሚያገናኘው ብረት) ላይ እኩል መሆኑ ነው። ሁሉም 89 ቢሆኑ ትሄዳለች፤ አንዱ ብቻ ከተንሸራተተ ታነክሳለች። የዘንጉን ቀዳዳ በሞረድ የሚያሰፋ አለ፤ እኔ ይህን ጥገና አልለውም፣ ጎማውን አዙሮ ማስተካከል እያለ።

ዘንጉ ተፈትቶም ከያዘ የፕላስቲኩን ጥርስ በአጉሊ መነጽር እዩ። አክሱ ጋ ሲሰነጠቅ በዚያ በኩል የሁለት ጥርሶች ክፍተት ይሰፋል። ናይሎን ከሆነ ሙጫ አይይዘውም፣ ይለወጥ። የደረቀ ግራሶ ካለ በስቴኪኒ ፈቅፍቁት። ዘይት በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ትርፉ ጎማው ላይ ወርዶ ያጸዳችሁትን ያበላሻል።

ሞተሩ መጨረሻ ነው። ዲኮደር (የመንጃ ትእዛዝ ተቀብሎ ሞተሩን የሚቆጣጠር ትንሽ ሰርኪውት) ካላት የሞተሩን ሽቦዎች ከእሱ ለዩና ባለ 9 ቮልት ባትሪ በቀጥታ አስነኩት። ያለ ማመንታት ከዞረ ተዉት፤ ከተንተባተበ ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሱት ካርቦኖች አልቀው ይሆናል።

ከገጠማችሁ በኋላ ያለ ፉርጎ በግማሽ ፍጥነት 20 ደቂቃ ወደፊት፣ 20 ደቂቃ ወደኋላ ንዱ። በየመሃሉ ሞተሩን ዳስሱ፤ ጣት የማያስቀምጥ ከሆነ አቁሙና ወደ ዘንጎቹ ተመለሱ።