32 ባንኮች እምቢ ያሏት የራዲዮ ባለቤት

[ምስል፦ የተቆለፈ የመታጠቢያ ቤት በር]

ኦማሃ ከተማ፣ ነብራስካ፣ አሜሪካ። ዘመኑ 1950ዎቹ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው። አንዲት ልጅ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆልፋለች። ታናናሾቿ ከውጭ በሩን ይደበድባሉ። እሷ የጥርስ ብሩሿን እንደ ማይክ ይዛ ራዲዮ ታስተላልፋለች። እናቷ ትንሽ ትራንዚስተር ራዲዮ ከሰጠቻት ወዲህ ልቧ እዚያው ቀርቷል።

ልጅቷ ጥቁር አሜሪካዊቷ ካቲ ሂዩዝ ናት። በ1947 ተወለደች። እናቷ ሴቶች ብቻ በሚጫወቱበት የጃዝ ባንድ ትሮምቦን የተባለውን የነሐስ መሣሪያ ትነፋ ነበር። አባቷ የሂሳብ ባለሙያ ነበር። ካቲ ገና በ17 ዓመቷ ወለደች። ሕይወቴን አምርሬ የያዝኩት በልጄ በአልፍሬድ ምክንያት ነው ትላለች።

ስለ እሷ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ድምጿ ነው። እኔ ግን ከሽያጭ ብጀምር ይሻላል።

[ምስል፦ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ዋሽንግተን]

በ1973 በአብዛኛው ጥቁሮች የሚማሩበት የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ራዲዮ የሽያጭ ኃላፊ ሆነች። የጣቢያው የዓመት ገቢ 250,000 ዶላር ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ 3 ሚሊዮን ዶላር አደረሰችው። እንዴት? የእንዲህ ዓይነት ጣቢያ ገቢ የሚመጣው ከማስታወቂያ ነው። የአንዲት ደቂቃ ዋጋ የሚወሰነው ደግሞ በዚያች ደቂቃ ጆሮውን በሰጠው ሰው ብዛት ነው። ካቲ አድማጮቿን ታውቃቸው ነበር። ጥቁር የዋሽንግተን ነዋሪ ደመወዝ እንዳለው፣ መኪና እንደሚገዛ፣ ቤት እንደሚያድስ ለነጋዴው ማስረዳት ትችልበታለች።

በ1975 የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ሆነች። በ1976 ማታ ማታ ለስለስ ያሉ የፍቅር ዘፈኖች የሚተላለፉበት «ክዋየት ስቶርም» የተባለ ፕሮግራም ተጀመረ። ሌሎች ከተሞችም ወዲያው ቀዱት። ሐሳቡ አገር አዳረሰ፤ ጣቢያው ግን የእሷ አልነበረም። የራሷን ለመግዛት ተነሳች።

[ምስል፦ የባንክ መስኮት]

ደብሊው ኦ ኤል የሚባል ጣቢያ ለሽያጭ ቀረበ። ዋጋው 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ካቲና ያኔ ባሏ የነበረው ዱዊ ሂዩዝ ፋይላቸውን ይዘው ባንክ ለባንክ ዞሩ። አንዱ እምቢ አለ። ሁለተኛውም እምቢ። እስቲ ራሳችሁን እሷ ቦታ አድርጉት። አሥረኛው ላይ ስንቶቻችን ፋይሉን አጥፈን ቤታችን እንገባ ነበር? 32 ባንኮች መለሷት። 33ኛው ኬሚካል ባንክ ነበር። ፋይሉን ያየችው ፖርቶሪካዊት የብድር ሠራተኛ ለሥራው አዲስ ነበረች። እሺ ያለችው እሷ ናት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ከጠረጴዛው ማዶ ማን እንደሚቀመጥ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ይገርመኛል።

በ1980 ጣቢያው ተገዛ። ችግሩም አብሮ መጣ። ትዳሩ ፈረሰ፤ ካቲ የባሏን ድርሻ ገዝታ ብቻዋን ቀረች። ቤቷን አጣች፣ መኪናዋንም አጣች። ከልጇ ጋር ጠቅልላ ጣቢያው ውስጥ ገባች። በመኝታ ከረጢት ወለል ላይ ይተኛሉ። በትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያበስላሉ። ጠዋት በጣቢያው መጸዳጃ ቤት ይታጠባሉ። ከዚያ ሥራ ይጀመራል።

እሷ የጥቁሮች ጉዳይ የሚወራበት ጣቢያ ነበር የፈለገችው። አበዳሪዎቿ ሙዚቃ ይሁን አሏት። ወሬ ወጪ አለው፤ አቅራቢ ይቀጠራል፣ ስልክ የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል። ሸክላ ማጫወት ርካሽ ነው። በመጨረሻ ጠዋት ወሬ፣ ሌላው ሰዓት ሙዚቃ ሆነ። ለአቅራቢ የሚከፈል ገንዘብ ስለሌለ ማይኩን ራሷ ያዘችው።

[ምስል፦ በደረጃ ላይ የተከመረ መጽሔት]

የዚያ ማይክ ጉልበት በ1986 ታየ። ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ አዲስ የእሁድ መጽሔት ጀመረ። የመጀመሪያው እትም ጥቁር ወጣቶችን እንደ ወንጀለኛ ያሳያል ብለው ብዙዎች ተቆጡ። ካቲ መጽሔቱን መልሱላቸው አለች። ሰዉም እየተሸከመ ሄዶ በሺዎች የሚቆጠር ቅጂ የጋዜጣው ደጃፍ ላይ ከመረው። ተቃውሞው 3 ወር ያህል ዘለቀ። ጋዜጣው ይቅርታ ጠየቀ።

ከዚያ ወዲያ ያለው በፍጥነት ነው የሄደው። በ1987 ኤፍ ኤም ጣቢያ ገዛች። በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አንድ ኩባንያ በመላ አገሪቱ ሊይዘው በሚችለው የራዲዮ ጣቢያ ብዛት ላይ የነበረውን ገደብ አነሳ። ብዙ ትንንሽ ባለቤቶች ተውጠው ቀሩ። የካቲ ኩባንያ ሬዲዮ ዋን ግን ገዢ ሆነ። በ1999 አክሲዮኑ ለሕዝብ ቀረበ። አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጥ ኩባንያ በሊቀመንበርነት የመራች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት እሷ ሆነች። በ2000 ደግሞ 12 ጣቢያዎችን በ1.3 ቢሊዮን ዶላር ገዙ። በ2004 በማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ቲቪ ዋን የተባለው የኩባንያው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሥርጭት ጀመረ። ዛሬ ኩባንያው ኧርባን ዋን ይባላል።

በ2016 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የኮሙኒኬሽን ትምህርት ቤቱን በስሟ ሰየመው። እሷ ራሷ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪዋን አልጨረሰችም።

[የመጨረሻ ምስል፦ ባዶ ስቱዲዮ፣ የበራ ቀይ መብራት]

ወለል ላይ አብሯት ይተኛ የነበረው አልፍሬድ? ከ1997 ጀምሮ የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነው።