ቻሌንጀር፦ ጎማዋ የዘገየችበት ቅጽበት

[ምስል፦ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ። የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ አንድ እጅ ጥቁር ኦሪንግ ይዟል።]

ተራኪ፦ ይቺ ኦሪንግ ናት። መካኒክ ሁሉ ያውቃታል። በጥፍራችሁ ጫን አድርጓት፤ ትሰረጎዳለች። ልቀቋት፤ ወዲያው ትመለሳለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ሁለት ብረት የተጋጠመበት ቦታ ገብታ ዘይትም ሆነ ጋዝ እንዳያፈተልክ ትይዛለች።

የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ቻሌንጀር ስትነሳ የሰባት ሰዎች ሕይወት የተንጠለጠለው እንዲህ ባለ ጎማ ላይ ነበር።

[ምስል፦ ፍሎሪዳ። በረዶ የተንጠለጠለበት የማስወንጨፊያ ማማ።]

ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1986። አዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ሲሆን ፍሎሪዳ ገና ረፋድ ነው። ቅዝቃዜው 2 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ። ከዚያ በፊት በጣም ብርድ በተባለው በረራ 12 ዲግሪ ያህል ነበር። ያኔም ቢሆን ትኩስ ጋዝ የመጀመሪያዋን ኦሪንግ አልፎ ጥላሸት ትቶ ተገኝቷል።

[ምስል፦ የሮኬቱ መጋጠሚያ በሥዕል፣ ቀስ እያለ ሲከፈት።]

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በመንኮራኩሯ ግራና ቀኝ ያሉት ሮኬቶች እርስ በርስ ከተጋጠሙ የብረት ቱቦዎች የተሠሩ ናቸው። በየመጋጠሚያው ሁለት ኦሪንግ አለ። ውፍረቷ 7 ሚሊሜትር፣ ዙሪያዋ ግን ከ11 ሜትር በላይ። ሮኬቱ ሲለኮስ የውስጡ ግፊት ብረቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ መጋጠሚያውም በትንሹ ይከፈታል። ጎማዋ ያን ክፍተት እየተከተለች መሙላት አለባት፤ ያውም ከሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ። ብርድ ደግሞ ጎማን ያደነድናል። የደነደነ ጎማ መመለሱ አይቀርም፤ ግን ቀስ ብሎ ነው። ለእኔ የነገሩ ቁልፍ ይሄ ነው፦ ጎማዋ ዘገየች።

[ምስል፦ ከቀኙ ሮኬት የሚወጣ ጥቁር ጭስ።]

አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ጥቁር ጭስ ቡልቅ አለ። ከዚያ ቆመ። የተቃጠለው ነዳጅ ዝቃጭ ቀዳዳውን ለጊዜው ሳይደፍነው አልቀረም። 58ኛው ሰከንድ ላይ ነበልባል ታየ። 73ኛው ላይ ትልቁ የነዳጅ ታንክ ፈረሰ። ብዙ ሰው «ፈነዳች» ይላል፤ መንኮራኩሯን የበጣጠሳት ግን የአየሩ ኃይል ነው። ሰዎቹ የነበሩበት ክፍል ሳይበታተን ወጥቶ፣ ከሁለት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው ውቅያኖስ ላይ የወደቀው።

በዋዜማው ማታ የሮኬቱ አምራች መሐንዲሶች፣ ሮጀር ቦይስጆሊን ጨምሮ፣ በዚህ ብርድ አትነሳ ብለው በስልክ ስብሰባ ተሟግተው ነበር። አለቆቻቸው መጀመሪያ ተስማሙ። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት የናሳ ሰዎች ሲሞግቷቸው ግን ሐሳባቸውን ቀየሩ። ይሄ ያንገበግበኛል። ጥላሸቱን ሁሉም ያውቁት ነበር እኮ!

[ምስል፦ በረዶ ያለበት የውሃ ብርጭቆ።]

በኋላ የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን በአጣሪ ኮሚሽኑ ፊት የዚያኑ ጎማ ቁራጭ ጨምቆ በረዶ ውሃ ውስጥ ነከረው። ሲፈታው ለጥቂት ሰከንድ እንደተጨመቀ ቀረ።

መንኮራኩሮቹ በ1981 ዓ.ም. መስከረም እንደገና ሲበሩ መጋጠሚያው ሦስተኛ ኦሪንግ፣ ማሞቂያና እንዳይከፈት የሚይዝ የብረት ከንፈር ተጨምሮለት ነበር። ለዚያ ከንፈር የሚሆነው ብረት የታዘዘው ከአደጋው ወራት ቀደም ብሎ ነው።