ቁጥር 43

ሰላም ሰላም። ይሰማል? ይሰማል መሰለኝ። መብራት እያለ ቶሎ ቶሎ ልናገር። ሰባቱ አድማጮቼ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው አንዱ «ስምንት ነን፣ ሚስቴም አብራኝ ትሰማለች» ብሎ ጽፎልኛል። የጎረቤቴን አውራ ዶሮ ከጨመርን ዘጠኝ። እሱ እንኳ አንድም ክፍል አምልጦት አያውቅም።

ዛሬ ስለ መኪናው እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። መኪናው ይቆይ። የትም አይሄድም፤ ችግሩም እሱ ነው።

ባለፈው ሐሙስ አንዲት ልጅ ታብሌት ይዛ ቤታችን መጣች። የቤት ለቤት ጥናት ነው፤ መጀመሪያ ሰፈሩ በዕጣ ወጥቶ፣ ከሰፈሩ ደግሞ የኛ ቤት ወጥቶ። ኦዲተሯን፣ ሚስቴን ማለቴ ነው፣ ታውቋታላችሁ፤ የልጅቷን መታወቂያ ፊትና ጀርባውን አይታ፣ ፎቶውን ከመልኳ ጋር አመሳክራ ነው ያስገባቻት። ጥያቄው ተጀመረ። ጣሪያ፣ ወለል፣ ውሃ፣ ፍሪጅ። ቀጥሎ ልጅቷ ቀና ሳትል «በሕይወትዎ ስንት ልጅ ወልደዋል?» አለች። እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነው። «ሦስት» አለች ኦዲተሯ።

የሦስተኛውን ነገር አውርተነዋል፣ አልደግመውም። «አሁን በሕይወት ያሉት?» «ሁለት።» ልጅቷ ነካ ነካ አድርጋ ወደሚቀጥለው አለፈች። አለቀ። እኔ የነቃሁት ሻዩ ሞልቶ ፈሶ እግሬ ላይ ሲደርስ ነው።

ያን ለታ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያሰብኩት ግን የኛን አይደለም። ቁጥር 43ን ነው።

ግንቦት 1999። ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ። በየገጠሩ ቆጣሪ የሚሆነው ማን ነው? መምህር ነዋ። እኔ ያኔ የሁለት ዓመት መምህር ነኝ፣ ከደብረ ሲና ወረድ ብሎ ባለ ቀበሌ። ሠለጠንን፣ ካርታ ተሰጠን። አገሩ በሙሉ ተሸንሽኗል፤ አንዷ ሽንሽን «የቆጠራ ቦታ» ትባላለች። በኋላ ሳነብ ዝርዝሩ 84,915 የቆጠራ ቦታዎች ነበሩት፣ አንዱ በአማካይ 181 ቤተሰብ የያዘ። አንዷ የኔ ነበረች። ድንበሯ አሁንም በዓይኔ ይመጣል፤ ከወንዙ እስከ ዋርካው፣ ከዋርካው እስከ ሚካኤል መንገድ።

መጠይቁ ሁለት ዓይነት ነው። አጭሩ ስም፣ ዝምድና፣ ፆታ፣ ዕድሜ እያለ ቶሎ ያልቃል። ረጅሙ ለአምስት ቤት አንዴ የሚደርስ ነው፤ እሱ ትምህርቱን፣ ሥራውን፣ መጸዳጃውን፣ እናቶችን ደግሞ ስንት ወለድሽ፣ ስንቱ አለ፣ ስንቱ ሞተ ይላል። የትኛው ቤት ረጅሙ ይደርሰዋል? አንተ አትመርጥም። ከ1 እስከ 5 አንድ ቁጥር በዕጣ ይወጣል፣ ከዚያ በየአምስቱ እየዘለልክ ትሄዳለህ። ለኔ 3 ወጣ። 3፣ 8፣ 13፣ 18 እያልክ ነው። ነገሩ ሁሉ የቆመው እዚያ ላይ ነው፤ የሚቀርብህን ቤት፣ ቡና ያፈላውን ቤት፣ ውሻ የሌለበትን ቤት እንዳትመርጥ።

ዕድሜ የመጠየቁ ጉድ ደግሞ! ሁሉም ሰው 30 ነው፣ 40 ነው፣ 50 ነው። 37 ዓመት የሆነው ሰው አገር ውስጥ የለም። «በ77 ድርቅ ጊዜ እረኛ ነበርኩ» ይልሃል፤ ከዚያ በኋላ ደምር ቀንስ ያንተ ፋንታ ነው። አንድ ሽማግሌ «ቆጠራ ዳዊትንም አልበጀው» ብለው በራቸውን ዘጉብኝ። ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ የመጣውን መቅሰፍት ታውቃላችሁ። ምን ልበል? በበሩ ስንጥቅ «አባቴ፣ ጌታችንም እኮ የተወለደው በቆጠራ ሰሞን ነው» አልኳቸው። ሳቁ። ከፈቱልኝ፣ ጠላ ሰጡኝ። በዚያች መልስ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ መልስ በሰዓቱ መጥቶልኝ አያውቅም፤ ኦዲተሯ ትመስክር።

እሺ። 43።

በሩ ላይ ቁጥሩን በጠመኔ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ረጅሙ እዚያ እንደሚወድቅ ግን ከ38 ወጥቼ መንገዱን ቀና ብዬ ሳይ ነው የገባኝ። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ እዚያ ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ። የሦስት ዓመት ልጅ። አርባው አልወጣም።

በሩ ላይ ቆሜ ያሰብኩትን ልንገራችሁ፣ ወይ ያሰብኩት የሚመስለኝን። በሥልጠናው «እንደተጻፈው አንብቡ፣ አትተርጉሙ፣ አታሳጥሩ» ተብለናል። በልቤ እንደተጻፈው አነበብኩት። የሞቱ ልጆች ብዛት፣ ወንድ፣ ሴት። ሳጥን ናት፣ በእርሳስ የምትሞላ ትንሽ ሳጥን። እናትየዋ ወጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። «ግባ እንጂ መምህር» አለችኝ። ገባሁ፣ ተቀመጥኩ። ከቦርሳዬ አጭሩን አወጣሁ።

ይኸው ነው። አጭሩን አወጣሁ። የቤቱን ሰው ዘረዘረችልኝ፤ ባሏን፣ ራሷን፣ ሁለቱን ልጆች። ከዚያ ዝም አለች፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። እኔ አየኋት። «ጨርሰናል እትዬ» አልኩና ተነሳሁ። ስወጣ ጠመኔውን በክንዴ ጠርጌ 44 አልኩት። ጎረቤቷን 43። ረጅሙን እዚያ ሞላሁት፤ አምስት ወልዳ አምስቱም ያሉላት ሴት። ተቆጣጣሪዬ አየው፣ ፈረመ። ቁጥሩ ልክ ነዋ።

በሦስተኛው ቀን ወፍጮ ቤት አጠገብ አገኘችኝ። «መምህር፣ ጎረቤቴን የሞተ ልጅ አለሽ ወይ ብለህ ጠይቀሃታል አሉ።» አዎ አልኩ። «እኔን አልጠየቅኸኝም» አለች።

አሁን... እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። አሳዘንሽኝ፣ አፌ እምቢ አለኝ፣ ይባላል። አይከብድም። እኔ ምን አልኩ? «ዕጣ ነው እትዬ። ዕጣው አልደረሰሽም።»

ይህን ለሦስት ሰው ነግሬያለሁ፤ ስነግር መጨረሻው ላይ እሷ «የኔስ ዕጣ ደርሶኛል» ትላለች። ያምራል አይደል? ሐሙስ ሌሊት እየመለስኩ ሳየው ግን አፏ አይንቀሳቀስም። እኔ ሳልጨምርባት አልቀረሁም። «እሺ» ብላ ዱቄቷን ተሸክማ የሄደች ነው የሚመስለኝ። አስተናጋጅ «ወጡ አልቋል» ሲለን እሺ እንደምንለው፣ ልክ እንደሱ።

እህ። ውሃ ልጠጣ።

የሂሳቡ ነገር ደግሞ አለ። ረጅሙ ከአምስት አንድ ስለሆነ፣ አንዱ ቤት በውጤቱ ላይ የአምስት ቤት ያህል ይመዝናል። ያ ሕፃን ወረቀት ላይ ቢገባ አምስት ነበር። የጎረቤቷ አምስት ጤነኞች ደግሞ ሃያ አምስት ሆነው ገቡ። ዊሊያም ብራስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው፣ የልደትና የሞት መዝገብ በሌለበት አገር፣ እናቶችን ስንት ወለድሽ ስንቱ ሞተ ብሎ በመጠየቅ ብቻ የሕፃናትን ሞት ማስላት እንደሚቻል አሳይቷል። የሚያስፈልግህ የእናትየዋ ዕድሜና እነዚያ ሁለት መልሶች ናቸው። እኔ እንግዲህ ያቺን ሳጥን ነው ያዳንኳት። ከምን እንዳዳንኳት አላውቅም።

በሌላ በኩል ግን፣ 73 ሚሊዮን ከምናምን ሕዝብ ውስጥ አንድ ቤት! ለዓመታት የተኛሁት በዚህ ነው። ሰው ሲደክመው ይሳሳታል፣ ሌላው በሌላ አቅጣጫ ይሳሳታል፣ ይካካሳል። ርኅራኄ ግን አይካካስም፤ ሁላችንንም ወደ አንድ ጎን ነው የሚገፋን። ነጠላ የተዘቀዘቀበትን ቤት ሁሉም ቆጣሪ ካለፈ... አይ፣ ተዉት። ሌሎቹ ጎበዞች ነበሩ ልበል።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ቆጠራ አልመጣም እኮ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ላይ በየአሥር ዓመቱ ይላል። በ2010 ይሆናል ተባለ፣ ተላለፈ። በ2011 ወደ 180 ሺህ ታብሌት ተገዝቶ፣ አገሩ በ149,093 የቆጠራ ቦታ እንደ አዲስ ተሸንሽኖ፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው አራዘሙት። ስለዚህ የኔን ወረቀት የሻረው የለም። የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንኳ 645 ቦታዎቹን ያወጣው ከ1999ኙ ዝርዝር ነው፤ ከየቦታው 28 ቤት። የኔ ሽንሽን ወጥታ ቢሆንስ? ሴቶቹን ከ15 እስከ 49 ዓመት ነው የሚጠይቁት። እሷ ለኔ 30 ብላኛለች፤ 30 ማለት 27 ነው ወይም 34። ዘጠኝ ዓመት ጨምሩበት፣ አላለፋትም። አንዲት ልጅ ሄዳ፣ ቀና ሳትል፣ ጠይቃት ይሆናል። ይህን እያሰብኩ ነው የነጋልኝ።

ያቺ የሐሙሷ ልጅ መጀመሪያ ላይ አናዳኝ ነበር። ሰው እንዴት ቀና አይልም? አሁን ሳስበው ቀና ብትል ኖሮ... እንጃ። ኦዲተሯ እሷ ከሄደች በኋላ ብርጭቆዎቹን አጠበች፣ ስልክ ደወለች፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ከእህቷ ጋር ተጨቃጨቀች። ምንም አላየሁባትም። ግን «ሦስት» ስትል እኮ አላሰበችም። እኔ ሰው ሲጠይቀኝ ሁለት ነው የምለው። ሁልጊዜ። እዚህ ፕሮግራም ላይም ሁለት እያልኩ ነው የኖርኩት፣ ያ አንድ ክፍል ሲቀር።

ልጅቷን እስከ አጥሩ ሸኘኋት። «አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ጨርሰናል» አለችኝ። አፌ ላይ አንድ ነገር መጣ፣ ዋጥኩት። ታብሌቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች፤ የሚቀጥለው ማለቴ አይደለም፣ ሦስት አራት ቤት ዘላ።

ኦዲተሯ ሳልለቀው በፊት ትሰማዋለች፣ እንደ ሁልጊዜው። ወይ ይህችን ጫፍ ቆርጬ አወጣታለሁ። ወይ ደግሞ... ይኸው፣ ዶሮው ጀመረ።