የመክፈቻ ንግግር፦ በየስልካችን ስለቀረው ታሪክ

የተከበራችሁ አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ የተጋበዛችሁ እንግዶች፣ እንደምን አደራችሁ። እንኳን የድሬዳዋን የድሮ ፎቶና ታሪክ ለሚሰበስበው ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ በሰላም አደረሳችሁ። አዳራሹን በነፃ ለሰጡን ምስጋናችን የላቀ ነው። ከማራገቢያዎቹ የሚሠራው አንዱ ብቻ ስለሆነ ሙቀቱ ሳይበረታ ቶሎ ቶሎ እንበል።

የዓመቱ የሥራ ሪፖርት ታትሞ በእጃችሁ አለ። እሱን እያነበብኩ አላሰለቻችሁም። ተማሪዎችን ከከዚራ ሰፈር እስከ መጋላ ሰፈር በእግር አስጎብኝተናል። የተወሰኑ አልበሞችን ስካን አድርገናል። የቢሮውን ኪራይ ከፍለናል፣ ያውም እየተለማመጥን። ሒሳባችን ተመርምሯል። ይኼው ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የማወራው ስለ 2012 ነው። «ዛሬም ኮሮና?» የሚል ፊት ከኋላ እያየሁ ነው። አዎ፣ ዛሬም ኮሮና። ዓመቱን ሙሉ ያጨቃጨቀን ነገር ሥሩ እዚያ ነው።

መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው በሽተኛ ተገኘ ተባለ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። ወሩ ሳያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሙሉ በሙሉ ቤት ግቡ ባንባልም ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። የድሬን ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ። ማታ ደጅ ወጥቶ ካልተጫወተ ቀኑ የመሸ አይመስለውም። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ቺኩንጉኒያ ጉልበታችንን ሲይዘን እንኳ እያነከስን ተጠያይቀናል። ይኼኛው ግን መጠያየቁን ራሱ ነው የከለከለን።

ማኅበራችን ቴሌግራም ላይ የወጣው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ስብሰባ ስንጠራ የምንመጣው እኛው በእኛው ነበርን፤ ፀጉሩ ያልሸበተ ሰው ከመጣ መንገድ ጠፍቶት ነው ብለን እንጠረጥር ነበር። ግሩፑ ሲከፈት ግን ከሳቢያንም፣ ከገንደ ቆሬም፣ ከጅቡቲም፣ ከካናዳም ሰው ገባ። ሣጥኖች ተከፈቱ። አልጋ ሥር የኖረ አልበም ሁሉ ወጣ። አንዱ ለገሀሬ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ ይለጥፋል። ሌላዋ «ከኋላ ባርኔጣ ያደረገው አጎቴ ነው» ትላለች። ሦስተኛው «ኧረ አይደለም፣ እሱ ዳቦ ቤት የነበረው ሙሴ ነው» ይላል። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ይቀጥላል። ጠዋት ስንነሳ አጎትየውም፣ ሙሴውም፣ ዳቦ ቤቱ የነበረበት መንገድም ተለይቶ እናገኘዋለን።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲወስድብን ከቤቱ ጋር አልበሙም የሄደበት ቤተሰብ ብዙ ነው። ከእነዚህ አንዷ እናት የራሷን የሠርግ ፎቶ ግሩፑ ላይ አየችው። ሚዜዋ የነበረችው ሴት አልበም ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። የራሷ ቅጂ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። የላከችልን የድምፅ መልእክት ግማሹ ለቅሶ ነበር። ማኅበሩ ለምን ተቋቋመ የሚል ሰው ሲገጥመኝ የምነግረው ይህንን ነው እንጂ መተዳደሪያ ደንቡን አይደለም።

ወጣቶቹም አልቀሩም። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጋሊካ በሚባለው ድረ ገጹ የቆዩ ጋዜጦችንና ካርታዎችን በነፃ ያስነብባል። ልጆቹ ከዚያ እየፈለፈሉ ያመጣሉ። የሚያነቡላቸው ደግሞ በልጅነታቸው አሊያንስ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ የተማሩ እናቶቻችን ነበሩ። እትዬዎቹ ማታ ማታ መነጽራቸውን አድርገው በድምፅ መልእክት እየተረጎሙ ይልኩልን ነበር። የከተማችንን አፈጣጠር ብዙዎቻችን በቅጡ የተማርነው እንዲያ ነው። አፄ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ተራራው ግን ወጪው የሚቻል አልሆነም። ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ቀረና በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ እዚህ ደረሰ። ከተማዋን መጀመሪያ አዲስ ሐረር ይሏት ነበር። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ተተካ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ድሬ ነበረች ማለት ነው። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ሕንዱም፣ የመኑም ዕቃውን አራግፎ እዚሁ የቀረው ለዚህ ነው። የኩባንያ ኪሳራ ከተማ ሲያሳምር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ጋ ሆኗል።

አንድ ተማሪ ደግሞ ስለ ፖርክ ኤፒክ የተጻፈ ጥናት አገኘ። ከከተማችን አጠገብ ካለው ተራራ ላይ ያለው ዋሻ ማለቴ ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. ተቆፍሯል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ከዚያ የተሰበሰበውን ቀለም የሚወጣው ድንጋይ መዝኖ 40 ኪሎ ገደማ ነው ይላል። የዛሬ 40 ሺህ ዓመት አካባቢ ሰዎች እዚያ ቁጭ ብለው ቀይ ቀለም ይፈጩ ነበር። ያን ተራራ ዕድሜ ልካችንን ስናየው ኖረናል። በራችን ሲዘጋ ነው ያወቅነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔቱ ራሱ ሲቋረጥ ሰዉ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቁነጠነጠ። እንደገና ሲከፈት ግሩፑ በፎቶ ተጥለቀለቀ። ያን ጊዜ ይህ ማኅበር ከእንግዲህ አይሞትም ብዬ ነበር።

እሺ፣ ኩራቱ ይብቃን። ያ ሁሉ ሀብት ዛሬ የት ነው?

በየስልካችን ነው። ቴሌግራም ፎቶን ሲያሳልፍ ጨምቆ ያሳንሰዋል። ስክሪን ላይ ያምራል፣ ለማተም ሲሉት ፊቱ ይደበዝዛል። ዋናው ያለው የአልበሙ ባለቤት እጅ ነው። በዚያ ላይ ሁላችንም የላክነው የፎቶውን ፊት ነው። ጀርባውን ማንም አላነሳም። እስቲ ዛሬ ቤት ስትገቡ አንድ አሮጌ ፎቶ ገልብጡ። የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ። በእስክርቢቶ የተጻፈ ዓመተ ምሕረት አለ። «ለውድ እህቴ መታሰቢያ» የሚል አለ። ስሙ ያለው ጀርባው ላይ ነው። እኛ ጋ ያለው ስም የሌለው ፊት ነው።

ይህንን ለማስተካከል ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮ እየተገናኘን ፎቶዎቹን እየለየን ስም እንጻፍ ብለን ነበር። ግሩፑ ላይ ማስታወቂያው ሲወጣ የአውራ ጣትና የልብ መዓት ዘነበ። ቅዳሜ ሲደርስ የመጡት አራት ሰዎች ናቸው። አዋጁ ዛሬም የጸና መስሏቸው ይሆን? ቅዳሜ ከሰዓት የበርጫ፣ የጫት ሰዓት መሆኑን አላጣሁትም። ይዛችሁ ኑ ብያለሁ። የዓመት መዋጮውም ቢሆን ከአንድ ዙርባ ጫት ዋጋ አይበልጥም። ስካነሩ ተበላሽቶ ለወራት የተቀመጠው ማሠሪያ ስላጣን ነው። በመጨረሻ ያሠሩት ሁለት ጡረተኞች ከኪሳቸው አዋጥተው ነው። ስማቸውን እንዳልጠራ ለምነውኛል። ከውጭ አገር «ማኅበሩ ምን እየሠራ ነው?» እያላችሁ በየሳምንቱ የምትጽፉልን ወንድሞችና እህቶች፣ ይህንንም በጆሯችሁ ስሙ።

ከገንዘቡም ከመቅረቱም በላይ ዓመቱን ሙሉ ያሳመመን ግን ጠቡ ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ማንም ግን በጉባኤ አንስቶት አያውቅም። እኔ ላንሳው።

ነገሩ የጀመረው በማኅተም ነው። ፎቶዎቹ እንዳይሰረቁ ተብሎ የማኅበሩ ማኅተም በላያቸው ላይ ታተመ። ይህን የወሰነው ኮሚቴው በድምፅ ብልጫ ነው። እኔ ተቃውሜያለሁ፣ ቃለ ጉባኤው ይመስክር። በሰው እናት ግንባር ላይ ክብ ማኅተም አትመን ስናበቃ ቤተሰቡ ለምን ተቆጣ እንላለን። ከዚያ ደግሞ አንዳንዱ ያንኑ ፎቶ ወስዶ በራሱ ገጽ በራሱ ስም ለጠፈው። ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ሁሉም ነገር ለሁሉም ክፍት ይሁን አለ። ግማሹ ያለ ቤተሰብ ፈቃድ አንድም ነገር አይውጣ አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሁለቱም ጮኹ። የሠሩት ልጆች መሐል ላይ ተረገጡ።

ከእነሱ አንዱ ዛሬ እዚህ የለም። ስሙን አልጠራም። በዚያ በዝግ ጊዜ አንድ የባቡር ጡረተኛ አባታችንን ማታ ማታ እየደወለ ይቀዳቸው ነበር። ቤታቸው መግባት ስለማይቻል በስልክ ነው። አባባ ከእንፋሎት እስከ ናፍጣ አይተዋል። ሊቶሪና ስለሚባለው ባለ ሞተር የመንገደኛ ባቡር ያወራሉ። ጣቢያ ሳይደርስ የኮንትሮባንድ ዕቃ በመስኮት የሚወረወርበትን ቦታ ያወራሉ፤ ማን እንደሚወረውር፣ ማን እንደሚቀበል፣ ማን አይቶ እንዳላየ እንደሚሆን ሁሉ። ልጁ ትዕግሥቱ የሚገርም ነው። «አባባ፣ ያ የፍሬኑ ነገር አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ይላቸዋል። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ይደግሙለታል። ግሩፑ ላይ አጭር አጭር ቁራጭ ሲለቅ ስንቶቻችን እንጠብቀው ነበር።

የማኅተሙ ጠብ ሲነሳ አንድ ሰው «ድምፁ የማኅበሩ ንብረት ነው፣ አምጣ» አለው። አጠያየቁ ሌባን እንደሚጠይቁት ነበር። ልጁ በዚያው ሌሊት ከግሩፑ ወጣ። የቀዳው ድምፅም አብሮት ወጣ።

አባባ ባለፈው ዓመት አርፈዋል። ልጃቸው ከአርባው በኋላ ቢሮ መጣች። «ድምፃቸው እናንተ ጋ አለ ይባላል» አለችን። ያለን ያቺ ስለ ሊቶሪና የተናገሩባት ቁራጭ ብቻ ናት። እሷን አሰማናት። ደግማ ሰማቻት። «ሌላውስ?» አለች። የሰጠናት መልስ የለም።

እንግዲህ አንተ ልጅ። ጓደኞችህ እዚህ አሉ፣ አንዱም ስልኩን ወደኔ አዙሮ እየቀዳኝ ነው። ቅዳ፣ ላክለት። ማንም ንብረት አይጠይቅህም። የቀዳኸው አንተ ነህ፣ ስምህ ከአባባ ስም አጠገብ ይጻፋል። የሰደበህን ሰው ይቅርታ ማስጠየቅ የእኔ ሥራ ነው፤ አናግሬዋለሁ፣ እሺ ብሏል። ለማኅበሩ ስትል ካልሆነልህ ተወው። ለልጃቸው ግን ስጣት። ስልክ ውኃ ውስጥ ይወድቃል፣ ባጃጅ ውስጥ ይረሳል። እሷን ለማነጋገር እኛ መሐል መግባት የለብንም፣ ቤታቸውን ታውቀዋለህ።

ሐረር ሩቅ አይደለችም። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ቅርሱን መሰብሰብ የጀመሩት በራሳቸው ቤት ነው። ዛሬ ሙዚየማቸው በራስ ተፈሪ ቤት ነው፣ ከዓለም ዙሪያ ሰው ይመጣበታል። አንድ ሰው ነው የጀመረው። እኛ ደንብ አለን፣ ማኅተም አለን፣ ሊቀመንበርና ምክትል አለን፤ አንድ መሳቢያ ማስተካከል አቃተን። «ድር ቢያብር» የሚለውን ተረት ዛሬ አልጠቅስላችሁም። በየዓመቱ እጠቅሰዋለሁ፣ ያበረ ድር አላየሁም።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ አንድ የውሳኔ ሐሳብ ይቀርባል። ዋናው ፎቶና ዋናው የድምፅ ቅጂ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። ማኅበሩ የሚወስደው ግልባጭ ነው። ባለቤቱ በአንድ ገጽ ቅጽ ላይ ለሁሉም ክፍት ይሁን፣ ቢሮ መጥቶ ለሚያይ ብቻ ይሁን፣ ወይም ለጊዜው ይዘጋ ብሎ ይፈርማል። ሐሳቡን ከቀየረ ተመልሶ ይቀይራል። የሰበሰበው ሰው ስም ይጻፋል። በፎቶ ላይ ማኅተም አይታተምም፣ የታተመውም ይነሳል። ይህ ካልጸደቀ እኔ በዚህ ወንበር ላይ የምቀጥልበት ምክንያት አይታየኝም። ማስፈራሪያ አይደለም፣ ደክሞኛል።

ድምፅ ለመስጠት ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ ያስፈልጋል። አሁን ስቆጥር ጥቂት ሰው ይጎድለናል። በር ላይ ቆማችሁ ሻይ የምትጠጡ አባላት ግቡ። የቀሩትንም ደውሉላቸው፤ መምጣት ያልቻለ በጽሑፍ ውክልና ይላክ፣ ደንቡ ይፈቅዳል። አልበም ይዛችሁ የመጣችሁ በሩ አጠገብ ስካነሩ ጋ ስም አስመዝግቡ፣ ጀርባውንም እናነሳዋለን። አሁን ገንዘብ ያዣችን የሒሳብ ሪፖርቷን ታቀርባለች። ያልከፈሉትን ስም ዝርዝር ይዛለች፤ ታንብበው አታንብበው የሚለውን ለእሷ ትቼዋለሁ።