ወፏ ጨዋታውን አበላሸችው? መንገዱን እንይ!

ሰላም፣ ሰላም! እንዴት ናችሁ? እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬም ከቱሉ ዲምቱ ነው የማወራችሁ፣ ከዚያው ከምታውቁት ጠረጴዛ። ውጭ ዝናብ አለ። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ከሰማችሁ ታገሱኝ።

ዛሬ ስለ ክንፍ ነው። ስለ ክንፍ፣ ስለ ሰኮና፣ ስለ ጅራት። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን፣ ዳይስ እየጣልን፣ እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነን ታሪክ የምንሠራበት ጨዋታ ነው። ስንጫወት ሰው፣ ኤልፍ ወይም ድዋርፍ የመረጠ ሰው አያስቸግርም። የሚያስቸግረው አንዱ ጓደኛችሁ መጥቶ «እኔ ወፍ መሆን እፈልጋለሁ» ሲላችሁ ነው። ዲኤም የሆናችሁ፣ ማለትም ጨዋታውን የምትመሩ፣ ታውቁታላችሁ። ልፍቀድለት? ሌሎቹስ ምን ይሉኛል?

በነገራችን ላይ፣ እኛ ጠረጴዛ ላይ «ዘር» አንልም። «ፍጡር» ነው የምንለው። ዘር የሚለው ቃል እኛ አገር ምን ያህል እንደሚከብድ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ለመጫወት ስንቀመጥ ያን ሸክም በር ላይ ብናስቀምጠው ደስ ይለኛል። ጨዋታውን የሚሠሩት ሰዎችም እ.ኤ.አ. በ2024 ባሻሻሉት ሕግ የድሮውን ቃል ቀይረውታል። እሰየው ብያለሁ።

እና የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት ጓደኛችን አራኮክራ መረጠች። አራኮክራ የወፍ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ሕግ በአንድ ተራ 50 ጫማ ይበራል። ሰው በእግሩ የሚሄደው 30 ጫማ ነው። ስሟን ጭልፊት አለቻት። መጀመሪያ ቀን፣ ሁሉም አንደኛ ደረጃ ላይ ሳሉ፣ ገላጣ ሜዳ ላይ ተኩላዎች አመጣሁባቸው። ጭልፊት ብድግ አለች! በእጇ ረጅም ቀስት አለ። ቀስቱ እስከ 150 ጫማ ያለ ምንም ችግር ይመታል። ተኩላስ ምን አለው? ጥርስ። ጥርስ ብቻ። ሦስቱ ጓደኞቿ መሬት ላይ ይነከሳሉ፣ እሷ ከላይ ትወረውራለች። አንድ ጭረት አልነካትም። ከዚያ አንዱን ልጅ አየሁት፤ ዝም ብሎ ሻዩን ያማስላል። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፣ እሱ ያማስላል። ያ ዝምታ አሳመመኝ።

በማግስቱ ደወልኩላትና «ክንፉን እንተወው» አልኳት። እሺ አለች። ድምጿ ግን እሺ አላለም። ስህተት ነበር የሠራሁት፤ ለምን ስህተት እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ወር ፈጅቶብኛል።

አሁን ወደ ባጃጅ እንሂድ። አዎ፣ ባጃጅ! ይቺን ምሳሌ በጣም ነው የምወዳት፣ ትንሽ ልቆይባት።

እዚህ እኛ ሰፈር ከታክሲ ወርዳችሁ ወደ ብሎኮቹ ውስጥ ስትገቡ ሚኒባስ አይገባላችሁም። ባጃጅ ይገባል። ልጆች ኳስ በሚጫወቱበት፣ እናቶች በርበሬ ባሰጡበት፣ በሁለት ብሎክ መሃል ጥምዝ ብሎ ያልፋል። እዚያ ውስጥ ንጉሥ ነው። ያንኑ ባጃጅ ይዛችሁ ወደ አዳማው የፍጥነት መንገድ ሂዱ እስኪ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው፣ ከዚሁ ከእኛ ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው። በሩ ላይ ይመልሱታል። ባለሦስት እግር አይፈቀድማ! ሚኒባሱ ግን ይነጉዳል። ቆይ፣ አላለቀም። ሐምሌ ይግባ። አስፋልት ያልደረሰበት ጋ፣ ያ ጥቁር ጭቃ፣ ጫማ የሚያስቀር ጭቃ። ባጃጁ ይሰጥማል። ሚኒባሱ ይንሸራተትና ይተወዋል። ማን ያልፋል? ጋሪ! ፈረሱ አንገቱን ደፍቶ፣ እየረገጠ፣ ቀስ እያለ ያልፋል። ሁለት ኩንታል ጭኖ ያልፋል።

እና የቱ ይበልጣል? ባጃጅ፣ ሚኒባስ ወይስ ጋሪ? መንገዱን ሳትነግሩኝ አልመልስላችሁም። መንገዱን ንገሩኝ!

ያን ቀን ተኩላና ገላጣ ሜዳ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የፍጥነት መንገድ ዘርግቼ ሚኒባሱን ለምን ፈጠንሽ አልኳት። ክንፉ ላይ የፈረድኩት መንገዱን ሳላይ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ደወሏንም ንኳት። በአማርኛ ስለዚህ ጨዋታ የምናወራ ጥቂት ነን፤ የእናንተ አንድ ንክኪ ሌላ ሰፈር ያለ አንድ ዲኤም ጋ ያደርሰናል።

አሁን አንድ ነገር። ባለፈው ቪዲዮ ስር ብዙዎቻችሁ የጻፋችሁት አንድ ዓይነት ነው። «ቀላል ነው፣ ጠንካራ ከሆነ ድክመት ጨምርበት። ክንፍ ሰጥተኸው ጉልበት ቀንስበት፣ በቃ ተመጣጠነ።» ይህን እኔም ለረጅም ጊዜ አምኜዋለሁ። ግን አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ ሳላሳያችሁ አላልፍም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ኦርክ የሚባለውን ጉልበተኛ ጭራቅ ሆኖ መጫወት የሚያስችል ሕግ ወጣ። ኦርክ ጉልበቱ ይጨምራል፣ ኢንተለጀንሱ፣ ማለትም የአእምሮ ችሎታው፣ በ2 ይቀንሳል። ሚዛን ይመስላል አይደል? ግን ኦርክ የሚመርጠው ማን ነው? መጥረቢያ የሚያነሳው ባርባሪያን። ባርባሪያን በኢንተለጀንስ ምን ይሠራበታል? ምንም! የማይኖርበትን ቤት ኪራይ ጨመራችሁበት ማለት ነው። ኦርክ ሆኖ ጠንቋይ መሆን የፈለገው ልጅ ግን አስማቱ በኢንተለጀንስ ስለሆነ ሙሉውን ይከፍላል። ያልተለመደ ነገር የሞከረውን ቀጣችሁ፣ የተለመደውን ሸለማችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ያ ቅነሳ ተነሳ። በጣም ልክ ነው።

በፊትም ሞክረውታል። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲጀመር ድዋርፍ ተዋጊ ከ6ኛ ደረጃ በላይ አያድግም ነበር። መጀመሪያ ላይ ተደሰት፣ በኋላ ቁም። እ.ኤ.አ. በ2000 የመጣው ሦስተኛው እትም ደግሞ ገለበጠው፤ ግማሽ ድራጎን መሆን የፈለገ ሦስት ደረጃ ቀድሞ ይከፍላል። ጓደኞቹ 4ኛ ደረጃ ሲሆኑ እሱ የሙያው 1ኛ ላይ ነው። ጥፍሩ ያስፈራል፣ ሕይወቱ ግን በአንድ ምት ያልቃል። አንዱ ውዝፍ ዕዳ ነው፣ ሌላው ቀብድ። ሁለቱም ጋ ያ ሰው ከጓደኞቹ ጋር እኩል የሚቀመጥበት ቀን የለም። እኔን የሚያስከፋኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ድክመት አትጨምሩ እያልኩ አይደለም። ዋጋው ስጦታው ያለበት ቦታ ይሁን ነው የምለው። በክንፍ ከሰጣችሁ በክንፍ ተቀበሉ።

ቶሎ ቶሎ ልበል፣ ዳይሱን ታውቁታላችሁ። አራኮክራ መካከለኛም ሆነ ከባድ ጥሩር ለብሶ መብረር አይችልም። አያችሁ? ዋጋው ክንፉ ላይ ነው። ሰማይ ላይ እንዳለ ካሰናከሉት ወይም ፍጥነቱን ዜሮ ካደረጉት ይወድቃል። ውድቀት በየ10 ጫማው አንድ ባለስድስት ዳይስ ነው። ከ50 ጫማ አምስት ዳይስ፣ በአማካይ 17 ተኩል ጉዳት። የአንደኛ ደረጃ ቀስተኛ ሕይወቱ 12 አካባቢ ነው። ከፍታው ራሱ ያስፈራል!

ኮቦልድ እንውሰድ፣ ትንሽዬ ዘንዶ መሰል ፍጡር። በ2016ቱ ሕግ ጓደኛው ጠላት አጠገብ ከቆመ አድቫንቴጅ ነበረው፤ ሁለት ዳይስ ጥሎ ትልቁን ይይዛል። በባለሃያው ዳይስ 11 ወይም በላይ ከፈለገ ዕድሉ ከ50 ወደ 75 በመቶ ይወጣል። ያው ሕግ ግን ፀሐይ ላይ ዲስአድቫንቴጅ ሰጠው፤ ሁለት ጥሎ ትንሹን መያዝ ማለት ነው። ሁለቱ ይጣፋሉ፣ አንድ ዳይስ ይቀራል። ዋሻ ውስጥ አንበሳ፣ ቀትር ላይ እንደማንኛችንም። መንገዱ ሲለወጥ ፍጡሩም ይለወጣል።

ከሁሉም የምወደው ሴንታውር ነው፤ ከወገቡ በላይ ሰው፣ በታች ፈረስ። ፍጥነቱ 40 ጫማ፣ መሬት ላይ ሰውን ይቀድማል። መሰላል ላይ ግን ለእያንዳንዱ ጫማ 4 ጫማ ተጨማሪ ያወጣል። 40 ለ5 ስታካፍሉ 8። ሰው 15 ጫማ ሲወጣ ሴንታውር 8። ያው እግር ሰጠ፣ ያው እግር ነሳ። እንዴት ያምራል!

አንድ ተመልካች ደግሞ «የጅብ ሰው ሥራልን» ብሎ ለምኖኛል። ጨዋታው ውስጥ ኖል የሚባሉ ጅብ መሰል ጭራቆች አሉ፤ እኔ የፈለግኩት ግን የእኛን ጅብ ነው። እዚህ ማታ ማታ ይጮሃል፣ እንሰማዋለን። የሰጠሁት ስጦታ አፍንጫ ነው፤ ጠረን መከታተል ላይ ሁልጊዜ አድቫንቴጅ። ዋጋውስ? ያው አፍንጫ። ዕጣን የሚጨስበት ቤት ከገባ ዲስአድቫንቴጅ። ጠረጴዛችን ላይ ስንሞክረው መንደርተኛው ሁሉ ሳይነገረው ቡና ማፍላት ጀመረ! ጅብ የሆነው ልጅ ከሁላችንም በላይ ነው የሳቀው። «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባል የለ፤ እሱ ደግሞ ሲገባ «እባካችሁ ማጨሻውን አውጡልኝ» ማለት ለመደ።

አንድ ነገር አደራ። መንገዱን ቀይሩ ስላችሁ፣ ከነገ ጀምሮ ጣሪያውን ሁሉ ዝቅ፣ ጠላቱን ሁሉ ቀስተኛ አታድርጉ። ያ ክንፍ መከልከል ነው፤ በግልጽ መከልከሉ ይሻላል። እኔ ከሦስት ውጊያ አንዱን ሰማዩን ክፍት አደርገዋለሁ። እዚያ ወፏ ትንገሥ። አንዱ ጠባብ ይሆናል፣ ድዋርፉ ይንገሥ። ሦስተኛውን ሁሉም ይታገልበታል።

ጭልፊትን መልሼ ጠርቻታለሁ። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ «ክንፍሽን ይዘሽ ነይ» አልኳት። አሁን 5ኛ ደረጃ ላይ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ድልድይ ተሰብሮ ሦስቱ ገደል ማዶ ቀሩ፤ ገመዱን በአፏ ነክሳ የተሻገረችው እሷ ናት። ገመዱን ማዶ ሆኖ የያዘላት ያ ሻይ የሚያማስለው ልጅ ነው። «በርቺ!» እያለ ይጮህ ነበር፣ ጎረቤት እስኪያንኳኳ ድረስ።

የጅቡን ሙሉ ሕግ ቴሌግራም ላይ እለቀዋለሁ። ሞክሩትና የት ላይ እንደተሰበረ ጻፉልኝ። በሚቀጥለው ቪዲዮ ሴንታውሩን አራተኛ ፎቅ እናወጣዋለን፤ ሊፍት የለም። ቻው!