ዋጋውን ጻፉት

እንደምን አደራችሁ። እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ። አሰልጣኞቻችንንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሱቅ ዘግተን፣ ልጅ ለጎረቤት ሰጥተን ነው በስልክ መሸጥን ለመማር እዚህ የተቀመጥነው። ከመካከላችን ቴሌግራም እንኳን ልጆቻችን የከፈቱልን አለን። ዛሬ ቻናል ከፍተን፣ ፎቶ አንስተን፣ ቪዲዮ ቆርጠን እንለጥፋለን። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ንግግር አድርጊ ስባል ስለ ብዙ ነገር ላወራ አስቤ ነበር። ትናንት ማታ ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ግን ብዕሬ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዕቃ ለጥፈን ዋጋውን ሳንጽፍ፣ ሰው በግል መልእክት እንዲጠይቀን «ዋጋ በኢንቦክስ» የምንለው ነው።

እዚህ ካለነው መሀል ይህን ያልጻፈ ያለ አይመስለኝም። እኔም ለዓመታት ጽፌዋለሁ። ዛሬ የመጣሁት እንተወው ልላችሁ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። 2014 ዓ.ም. ነው፣ ታኅሣሥ መጨረሻ። የጥምቀትና የሰርግ ሰሞን ሽሮ ሜዳ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም፣ እግር መጣያ የለም። አንድ ነጭ የመነን ቀሚስ ለጠፍኩ። ጥልፉ ከአንገቱ ተነስቶ እስከ ታች የሚወርድ፣ ነጠላው ከነጥለቱ። ጠዋት በሱቁ በር በሚገባው ብርሃን ስላነሳሁት ክሩ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ከሥሩ ያቺኑ የለመድኳትን ጻፍኩ።

ማታ 4 ሰዓት ላይ አንዲት ልጅ ኮሜንት አደረገች። ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። «እህቴ ዋጋው ስንት ነው?» አለችኝ። «በውስጥ መስመር ነይ» ብዬ መለስኩ። ከዚያ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ተኛሁ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለዋልኩ ደክሞኝ ነበር።

ጠዋት ስከፍተው ሦስት መልእክት አለ። አንዱ፣ «ሰላም እህቴ፣ መጥቻለሁ» ይላል። ሁለተኛው፣ «ለታናሽ እህቴ ሰርግ ነው፣ ለጥር 14 ይደርሳል ወይ?» ሦስተኛው፣ «ስልክ የምይዘው ማታ ማታ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ እባክሽ ቶሎ በይልኝ።»

ያኔ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ዋጋ ከመመለሴ በፊት ፕሮፋይሏን ከፈትኩ። ፎቶዋን አየሁ። ውጭ አገር ናት አልኩ በልቤ። ለሰፈሬ ሰው 7,500 የምለውን ቀሚስ 11,000 ብር ብዬ ላክሁላት።

በዚያው ቀን ማታ 4 ሰዓት ላይ መልስ መጣ። «አመሰግናለሁ እህቴ፣ ትናንት ማታውኑ ከሌላ ቦታ ጨርሻለሁ።»

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እረሳው ነበር። በዓመቱ ግን ልጅቷ ለፋሲካ መጣች። ሽሮ ሜዳ ስትዞር ሱቄን ከቻናሉ ፎቶ ለየችው። ገባች፣ ሰላም አለችኝ፣ ቡና አፈላሁላት። ያኔ ነው የነገረችኝ። «ያን ማታ አምስት ቻናል ላይ ጠየቅሁ፣ አራታችሁ ኢንቦክስ ነይ አላችሁኝ። አንዷ 8,000 ብር ብላ ከነልኩ ጽፋለች። የአንቺን ቀሚስ ይበልጥ ወድጄው ነበር። ግን አንድ ሰዓት ብቻ ነበረኝ።» ዝም ብላ ሲኒውን አዞረችው። «ደግሞ ዋጋ የሚደብቅ ሰው ኪሴን ሊያይ ይመስለኛል» አለች።

እውነቷን ነው። ኪሷን ነበር ያየሁት። እህቷን ለመዳር ሰው ቤት ወለል የምትጠርግ ልጅ ላይ 3,500 ብር ልጨምር ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

ይህን ልማድ ከየት አመጣሁት? ገንዘብ ከፍዬ ነው የተማርኩት። ከዚህኛው በፊት አንድ ስልጠና ወስጄ ነበር። አሰልጣኙ «ዋጋ አትጻፉ፣ ሰው ኮሜንት ላይ ይጠይቅ፣ ኮሜንት ሲበዛ ፌስቡክ ለብዙ ሰው ያሳይላችኋል» አለን። እኛም ቃል በቃል ጻፍነው። አዎ፣ ኮሜንት የበዛበት ፖስት ብዙ ሰው ጋ ይደርሳል። ግን ኮሜንት ይበላል? ሸማኔው ደሞዜን ስጪኝ ሲል ኮሜንት ልቁጠርለት? የቤት ኪራይ በላይክ ይከፈላል? ከሥሩ «ስንት ነው፣ ስንት ነው፣ ስንት ነው» የሚል መቶ ሰው የተኮለኮለበት ፖስት፣ መቶ ሰው መልስ ያጣበት ፖስት ነው! ሱቃችን መጥቶ ሰው «ስንት ነው?» ቢለን «ጓዳ ና፣ በጆሮህ ልንገርህ» እንለዋለን እንዴ? ታዲያ ስልክ ላይ ለምን?

አውቃለሁ፣ «ተፎካካሪ ያይብናል» ትላላችሁ። ጎረቤታችሁ ዋጋችሁን ዛሬም ያውቀዋል። እህቱን ልኮ ጠይቋል። የማያውቀው ገዢው ብቻ ነው።

«ዋጋ ይለዋወጣል» የምትሉት ግን ትክክል ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ለክርና ለጨርቅ የማወጣውን እኔም አውቀዋለሁ። መፍትሔው መደበቅ ሳይሆን ቀን መጻፍ ነው። «ይህ ዋጋ እስከ ወሩ መጨረሻ ይጸናል» በሉ። በልክ የሚሰፋ ከሆነ «ከ6,000 ጀምሮ» ብላችሁ፣ ጥልፍ ሲጨመር ስንት፣ ነጠላ ሲጨመር ስንት እንደሚሆን ዘርዝሩ። ይህን አንዴ በአንድ መልእክት ጻፉትና ቻናሉ አናት ላይ ፒን አድርጉት። አድራሻውን፣ የልክ አወሳሰዱን፣ ቀብዱን እዚያው አስገቡት።

እኔ ቁርጥ ዋጋ መጻፍ ስጀምር የሚጽፍልኝ ሰው ቀነሰ። ደነገጥኩ፣ አልዋሽም። በኋላ ግን የሚመጣው መልእክት ተለወጠ። «ስንት ነው» መባሉ ቀረ። «ወገቤ 74 ነው፣ ቀብዱን በቴሌብር ልላክ?» ሆነ። ማታ የምተኛውም በሰዓቱ ነው።

ሌላው ነገር ቪዲዮ ነው። ውድ ካሜራ አያስፈልግም። አብሮኝ የሚሠራው ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሲያፈራርቅ፣ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ፣ ድምፁን ሳልነካ ቀርጬ ቲክቶክ ላይ ለቀቅሁት። ሙዚቃ የለው፣ ጽሑፍ የለው። ከለጠፍኩት ሁሉ ብዙ ሰው ያየው እሱን ነው። አስፈቅዳችሁ ቅረጹ እንጂ፣ የእጅ ሥራችሁን አሳዩ።

ፎሎወር አትግዙ። የተገዛ ፎሎወር ቀሚስ አይለብስም።

የደንበኞቻችሁን ስልክ ቁጥር ደግሞ ደብተር ላይ አስፍሩ። የካቲት 2015 ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ሲገደቡ ለወራት የሆነውን አትርሱ። ቪፒኤን፣ ማለትም ገደቡን የሚያሳልፈውን መተግበሪያ፣ መጠቀም ያልቻለ ደንበኛ ጠፋብን። ቁጥር የያዘ ደወለ፣ ሸጠ። ያልያዘ ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

ብዙ አወራሁ። ከመውጣታችን በፊት ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ስልካችሁን አውጡ። አዎ፣ አሁን። የመጨረሻ የለጠፋችሁትን ክፈቱ። «ኤዲት» የሚለውን ንኩ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለውን አጥፉና ቁጥሩን ጻፉ። እጠብቃችኋለሁ።

የእኔ ይኸውና፦ ይህ የለበስኩት ቀሚስ 9,200 ብር ነው። ነጠላው ሲጨመር 11,000። ከሪያድም ጠየቃችሁ ከጉለሌ ያው ነው።

አመሰግናለሁ።