ወተት ከጡት እስከ ፋብሪካ፦ እሳት የማያጠፋው ነገር

ጤና ይስጥልን ተመልካቾቻችን! ዛሬ ስለ ወተት ነው፤ ከላሟ ጡት እስከ ፋብሪካው በር።

መጀመሪያ ግን እርሾን አስቡልኝ። ማታ ሊጥ ታቦካላችሁ፤ ጥቂት እርሾ ጣል ታደርጉበታላችሁ፤ በቃ፣ ያን ሁሉ ሊጥ ይይዘዋል። እርሾ ባትጨምሩም በደንብ ያልታጠበው ቡሃቃ ራሱ እርሾ ይሆናል። አዳማ ላይ ቶሎ ኩፍ ይላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ያዘገየዋል። ወተትም እንዲሁ ነው! ወተት የሚያዝበት የዘይት ጀሪካን እጀታው ውስጥ ጣት የማይገባበት ጎድጓዳ አለው። እዚያ የደረቀው የትናንት ወተት ለዛሬው እርሾ ነው። ሳይቀዘቅዝ ያደረው የማታ ወተት ከጠዋቱ ጋር ሲደባለቅ ደግሞ እርሾ በእርሾ ላይ! ከፍቼ ከተማ እስከ አዲስ አበባ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወተቱ መንገዱን ሙሉ ሲቦካ ይመጣል። እኔ ጀሪካን ከወተት ሥራ ጨርሶ ይውጣ ባይ ነኝ። አፈ ሰፊ የአሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ዕቃ እጅ አስገብቶ ይታጠባል። በወይራ ማጠኑም መልካም ነው፤ ከታጠበ በኋላ ከሆነ።

ቀሪውን ታውቁታላችሁ፣ በፍጥነት ልለፈው። ጡቱ ታጥቦ ይደርቃል። መጀመሪያ የወጣው ወተት ከጓጎለ የጡት በሽታ አለና ከሌላው አይቀላቀልም። ወተቱ ተጣርቶ ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወርዳል። የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያው በአልኮል ይፈትሻል፤ ከረጋ ይመለሳል። ፋብሪካው በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ አሙቆ ወዲያው ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ ለብቻው የሠራነው ቪዲዮ ከታች አለ፤ የቻናላችን ቤተሰብ ያልሆናችሁም ቤተሰብ ሁኑ።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። ብዙዎቻችሁ «ካፈላነው ምን ያደርገናል?» ትላላችሁ። አፍሉት! ጥሬ ወተት አትጠጡ! የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴላ የሚባሉት በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች በእሳት ይሞታሉ። ነገር ግን ማፍላት የሚገድለው ሕይወት ያለውን ነው። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ሳይቀዘቅዝ በዋለ ወተት ውስጥ መርዝ ይተዋል፤ ባክቴሪያው ቢሞትም መርዙ መፍላትን ይቋቋማል። አንቲባዮቲክ የተወጋች ላም ሐኪሙ የከለከለው ቀን ሳያልቅ ከታለበች፣ የመድኃኒቱን ቅሪት ማፍላት አያጠራውም።

ፋጉሎስ? የሻገተ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው የከብት መኖ) አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ሊኖርበት ይችላል። ላሟ በልታው ከፊሉ መልኩን ለውጦ ወደ ወተቷ ያልፋል። የእናንተም ምድጃ፣ የፋብሪካውም ማሞቂያ አያስወግደውም! የሚቆመው በረት ላይ ብቻ ነው፦ ፋጉሎውን ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ከእርጥበት አርቆ በማስቀመጥ፣ የሻገተውንም በመጣል። «ለሰው አይሆንም፣ ለከብት ይሁን» የሚባለው ነገር እዚህ ላይ አይሠራም፤ ለላሟ የሰጣችሁት ለልጃችሁ ይደርሳል።

ስለዚህ ከጎረቤት ወተት የምትገዙ ሁሉ «መቼ ታለበ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ላሟ ምን እንደበላች፣ መድኃኒት ተወግታ እንደሆነም ጠይቁ።